የበርበሬ ለቅሶ

በእኛ ጊዜ ሰው ሬሳ አይቶ ሊስቅ ትኬት አይቆርጥም ነበር። ሬሳ ካለ ይለቀሳል፣ ጨዋታ ካለ ይሳቃል፣ ሁለቱ አንድ ቤት አይገናኙም። አሁን ግን ይኸው፣ ባለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቡታጅራ ሰው ሴቱም ወንዱም አዳራሹ በር ላይ ተሰልፎ፣ እኔም ከነከዘራዬ ተሰልፌ፣ የሞተ ሰው ሊያስቀን ገባን። ምን ላድርግ፣ ፊልሙን የሠራችው የወንድሜ ልጅ ሐና ናት።

ቁጭ በሉ እስቲ። አንተ ያንን ኬሻ ዘርጋውና ተቀመጥበት፣ ንጹሕ ነው። ዛሬ እሁድ ነው፣ ወፍጮው ዝግ ነው፣ ሌላ ቀን ቢሆን እዚህ ቤት ውስጥ ጨዋታ አይሞከርም፣ ወፍጮው ይጮኻል፣ በርበሬው ያፍናል፣ ሰው ከሰው በምልክት ነው የሚነጋገረው። ስልኩ እየቀዳ ነው? ይቅዳ። ግን ከእኔ ብዙ ወሬ አትጠብቁ። የጠየቃችሁኝን እመልሳለሁ፣ የቀረው ይቀራል።

"ጋሽ ወልዴ፣ ፊልሙን ወደዱት ወይስ ጠሉት?" ነው ያላችሁኝ። ከተማው ሁሉ ይህንኑ ነው የሚጠይቀኝ። ፀጉሬን ልቆረጥ ብገባ እሱ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ እሱ፣ ገበያ ብወጣ እሱ። ግማሹ "ሐናን ይባርካት፣ ሆዳችንን ይዘን ነው የወጣነው" ይላል፣ ግማሹ ደግሞ "ይቺ ልጅ በሙት ስትቀልድ ምነው ዝም አሏት?" ይላል። እና እኔ ለሁለቱም "እግዜር ይስጥልኝ" ብዬ አልፋለሁ። ወልቂጤ ላይ ከእኛ በፊት ታይቶ ነበር አሉ፣ እዚያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሲስቁ ነው የዋሉት። ይስቃሉ እንጂ ምን አለባቸው! ሬሳውም የእነሱ አይደል፣ በርበሬውም የእነሱ አይደል።

ፊልሙን ላላያችሁት ልንገራችሁ። አንተ አላየህም? ታዲያ ምን ልትሰማ መጣህ! ይሁን። ሁለት ሌቦች ናቸው፣ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር። በርበሬ የጫነ መኪና ይሰርቃሉ፣ እና መንገድ ላይ ቆመው ኬሻውን ሲያነሱ ከሥሩ የሞተ ሰው ያገኛሉ። የተገደለ ነጋዴ ነው። አጭሩ "ጥለነው እንሂድ" ይላል። ረጅሙ "ሰው እኮ ነው፣ እንዴት እንጥለዋለን፣ ቤቱ ማድረስ አለብን" ይላል። አጭሩ "እኛ ሌባ ነን እንጂ ዕድር ነን እንዴ?" ይላል። እዚህ ላይ አዳራሹ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ታዲያ እንደምንም ብለው ቤቱ ያደርሱታል፣ ለቅሶ ይጀመራል፣ እና ሬሳው በርበሬ በበርበሬ ስለሆነ የቀረበው ሁሉ ያስነጥሳል፣ ያቀፈው ሁሉ ዓይኑ ይቀላል፣ ሟቹን በሕይወት ሳለ ዓይኑን ማየት የማይወድ ጎረቤት ሳይቀር ተንሰቅስቆ ያለቅሳል። አንድ ሰው ብቻ ዓይኑ ደረቅ ነው። ለምን? ገዳዩ እሱ ነው፣ ፈርቶ ሬሳው አጠገብ አልደረሰም። እና በዚያ ተያዘ፣ ሌቦቹ ናቸው ያስያዙት። ይኸው ነው ፊልሙ።

ብልህ ልጅ ናት። ሌቦቹን ራሷ ናት የፈጠረቻቸው፣ ግድያውንም ራሷ። ሬሳውና በርበሬው ግን የእኔ ናቸው።

— የእርስዎ? እንዴት ሆኖ ጋሽ ወልዴ?

ቆይ፣ አትቸኩል። እነግራችኋለሁ አልኩ እኮ።

አባቴ የሞተ ጊዜ ገና ጺም አላበቀልኩም። ወንድሜ ሕፃን ነው፣ ዘመድ ወሰደው፣ እኔን የሚወስድ አልተገኘም። ከመስቃን ወጥቼ ቆላ ወረድኩ፣ የማረቆዋ ቆሼ ገበያ። በርበሬ መሸከም ነው ሥራዬ። የት ታድር ነበር፣ ምን ትበላ ነበር አትበሉኝ፣ እሱን ተዉት። ክፉ ጊዜ ነበር፣ አለፈ። ታዲያ እዚያ አብሮኝ የሚሸከም አንድ የቡኢ ልጅ ነበር፣ ንጋቱ የሚባል። ለሁለት አንድ ጋቢ ነበረን፣ እሱ ወደዚያ ይስባል፣ እኔ ወደዚህ እስባለሁ። እሱ ሲስቅ ገበያው ሁሉ ይሰማል፣ እኔ ደግሞ እንደምታዩኝ ነኝ፣ ያኔም እንዲሁ ነበርኩ። "ወልዴ፣ አንተን ለማሳቅ ከመንግሥት ፈቃድ ማውጣት ያስፈልጋል" ይለኝ ነበር። በሸክም መሃል፣ በዚያ ፀሐይ፣ ኬሻ ጀርባው ላይ ሆኖ እንዲህ ይለኛል! እና ወባ ያዘው። የቆላ ወባ ታውቃላችሁ፣ ዕድሜ አይጠይቅም። ውሎ ሳያድር ወሰደው። ከዚህ በላይ ስለዚያ አልናገርም።

ታዲያ አሁን ቡኢ ማድረስ አለብኝ። እናት አለችው፣ አባት አለው፣ እህት አለችው፣ በሰው አገር እንዴት እቀብረዋለሁ? ግን በምን ላድርሰው? በዚያን ጊዜ ሬሳ የሚጭን ሹፌር አይገኝም፣ ገደ ቢስ ነው ይላሉ፣ መኪናውን ይገለብጣል ይላሉ። አንድ ከድር የሚባል ሹፌር ነበር፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ከቆሼ በርበሬ ጭኖ በቡታጅራ በቡኢ አድርጎ አዲስ አበባ የሚገባ። ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ።

"ወላሂ ወልዴ፣ ሬሳ አልጭንም" አለኝ።

እግሩን አልለቀቅኩም። ወደ መኪናው ዞር ብሎ አየና፣ "በርበሬ ግን እጭናለሁ" አለኝ።

"እ?" አልኩት።

"በርበሬ እጭናለሁ አልኩህ። ከበርበሬው ሥር ያለውን እኔ አላየሁም። ጫኙ አንተ ነህ። እኔ መሪ ነው የምይዘው፣ ወደፊት ነው የማየው።"

ሰማችሁ? እንዲህ ያለ ሰው ነበረ። እና ንጋቱን በዚያችው በጋቢያችን ገንዘን፣ በሰሌን ጠቅልለን መኪናው ላይ አስተኛነው፣ ዙሪያውን በኬሻ አጠርንለት፣ እንዳይጫነው ከላዩ እንጨት ረበረብን፣ ከእንጨቱ በላይ በርበሬውን ደረደርን። እኔ ከሁሉ በላይ ተቀመጥኩ፣ ልክ ከእሱ በላይ። እና መንገዱ ኮረኮንች ነው፣ መኪናው ሲነጥር ደረቁ በርበሬ ይፈረፈራል፣ ብናኙ ወደ ታች ይወርዳል፣ በኬሻው ቀዳዳ፣ በእንጨቱ መሃል፣ በሰሌኑ ስንጥቅ። እኔ ይህን አላሰብኩም። ማን ያስባል?

ኬላ ደረስን። ረጅም ብረት የያዘ ሰው መጣ፣ ኬሻ የሚወጉበት፣ የተደበቀ ዕቃ የሚፈልጉበት ብረት ነው።

"ምን ጫንክ?" አለው ከድርን።

"በርበሬ።"

"ከሥሩስ?"

"በርበሬ።"

"ከበርበሬው ሥርስ?"

"ጌታዬ፣ ከበርበሬው ሥር መኪናው ነው፣ ከመኪናው ሥር መሬቱ ነው፣ ከዚያ በታች ያለውን አላህ ነው የሚያውቀው።"

ሰውዬው ተናደደ። ብረቱን ይዞ ሽቅብ ወጣና ወደ እኔ መጣ። እና እኔ ንጋቱን በብረት ሊወጋብኝ ነው ብዬ፣ የአንዱን ኬሻ አፍ ፈታሁና "ጌታዬ፣ ይዩት፣ አንደኛ የማረቆ በርበሬ ነው!" ብዬ በሁለት እጄ ዘግኜ አፍንጫው ሥር አራገፍኩለት። ኧረ ምን ልበላችሁ! ያ ሰው እስካሁን ያስነጥሳል ይመስለኛል። ቆቡ ወደቀ፣ ብረቱ ወደቀ፣ ከድር ከታች ሆኖ "ይማርዎ! ይማርዎ! ይማርዎ ጌታዬ!" ይላል፣ ሰውዬው መናገር አቅቶት በእጁ ብቻ ሂዱ ሂዱ ይላል። ሄድን። ከዚያ ወዲያ መንገዱን በሙሉ፣ ንጋቱ ይህን ቢያይ ኖሮ እንዴት ይስቅ ነበር እያልኩ ነው የሄድኩት።

ቡኢ ገባን፣ ቤቱ ደረስን። ሰሌኑ ሲፈታ እናትየው ላዩ ላይ ወደቁ፣ አባትየው ወደቁ፣ አክስቶቹ፣ ጎረቤቱ። መጀመሪያ የሐዘን ለቅሶ ነበር። ቀጥሎ ግን አየሁ፣ ለቅሶው ከልክ አለፈ። የሰዉ ዓይን ፍም መሰለ። ልጁን አይተውት የማያውቁ፣ ከመንገድ የገቡ ሰዎች ተንሰቀሰቁ። ቄሱ ፍትሐቱን ማንበብ አቃታቸው፣ መጽሐፉን ለዲያቆኑ ሰጡት፣ ዲያቆኑም አቃተው። ከድር ጥግ ይዞ ዓይኑን በጥምጣሙ ጫፍ ያብሳል፣ ባበሰ ቁጥር ይብስበታል፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ "ወልዴ፣ ለልጁ ከልቤ አዝኛለሁ፣ ግን ወላሂ ይሄ ሁሉ እንባ የእኔ አይደለም" አለኝ።

ታዲያ ምን ልበል? ተነሥቼ "በርበሬ ነው" ልበል? አባትየው ቆሙ፣ ድሃ ገበሬ ናቸው፣ እጃቸውን ዘርግተው "ልጄ በሰው አገር ሰው አፍርቷል፣ ይኸው አገር አለቀሰለት!" አሉ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት ደግሞ እችልበታለሁ።

እህቱ አስካለ ትባላለች። ያኔ ለግላጋ ልጅ ነበረች፣ አሁን የልጅ ልጅ አይታለች፣ እዚያው ቡኢ ነው ቤቷ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በወንድሟ ፈንታ ያዘችኝ። ስታገባ ከወንድሞች ተርታ አቆመችኝ፣ እኔ ሳገባ ቅቤ አስጭና መጣች፣ እና መስቀል በመጣ ቁጥር ክትፎዬ ተለይቶ እሷ ቤት ይጠብቀኛል። የምገባበት ቤት ያ ብቻ የነበረበት ጊዜ ነበር። እና በየመስቀሉ፣ ሰዉ ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ያንን ለቅሶ ታነሣለች። "የወንድሜ ለቅሶ! ቄሱ እንኳ ማንበብ ያቃታቸው! እስላሙ ሹፌር እንኳ! የትኛው ባለሀብት ነው እንዲያ የተለቀሰለት?" ትላለች። እኔ ክትፎዬን እጎርሳለሁ፣ ቀና አልልም። ዕድሜ ልኬን እንዲሁ። ሌላ ምን ነበራቸው? ከዚያ ልጅ የቀራቸው ያ ለቅሶ ነው። እሱን እንዴት ብዬ ልንጠቃቸው?

— ታዲያ ሐና ከየት ሰማችው?

ከእኔ ነዋ፣ ከማን ትሰማለች። ዓይኔን ልታሳክመኝ አዲስ አበባ ስትወስደኝ፣ ከፊታችን በርበሬ የጫነ መኪና ይሄዳል፣ እሷ መስኮት ከፍታ ስታስነጥስ ጊዜ ከአፌ አመለጠኝ። ስም አልጠራሁም፣ አገር አልጠራሁም፣ "አንድ ልጅ ነበር" ነው ያልኳት። "ጋሼ፣ ይህን ፊልም ላድርገው?" አለችኝ። ቀልድ መሰለኝና "አድርጊው" አልኳት። ይኸው አደረገችው! እና የሚታይበት ቀን ሲቆረጥ እየበረረች መጣች። "ጋሼ፣ ከቡኢ እትዬ አስካለንም ጠርቻቸዋለሁ፣ ከፊት ወንበር ከእርስዎ ጎን ነው የማስቀምጣቸው፣ ደስ አይልም?"

እሷ ምን ታውቃለች! ሬሳው የአስካለ ወንድም መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም። አስካለ መጥታ ያንን ለቅሶ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የኮራችበትን፣ ሰው እየሳቀበት ልታየው ነው። ስልክ አንስቼ ደወልኩላት።

"አስካለ፣ መንገዱ ተበላሽቷል ይላሉ።"

"ምን ነካህ ወልዴ፣ አስፋልት አይደለም እንዴ?"

"ሰዉ ብዙ ነው፣ መጋፋት አለ።"

"ሐና ወንበር ይዛልኛለች።"

"መብራትም ይጠፋል፣ ሰሞኑን..."

"ጄኔሬተር አለ ብላኛለች። ወልዴ፣ እንዳልመጣ ነው እንዴ የምትፈልገው?"

"ኧረ እኔ!"

"እንግዲያው ቅዳሜ እንገናኝ" ብላ ዘጋችው።

መጣች። ነጭ በነጭ ለብሳ፣ ለሠርግ የተጠራች መስላ አጠገቤ ቁጭ አለች። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፊልሙን ያየሁት በማግስቱ ሐና ቤት ነው፣ የዚያን ቀን ያየሁት የአስካለን ፊት ብቻ ነው። ከኋላ የበርበሬ ጫኞቹ ተቀምጠዋል፣ ገና መኪናው ሲታይ መጮኽ ጀመሩ፣ "ኧረ የኬሻውን አፍ ወደ ውጭ አዙረው ነው የጫኑት! ማነው ይሄን የጫነው? በርበሬ እንዲህ አይጫንም!" ይላሉ። እንደ እውነቱ ከሆነ ልክ ናቸው። ሌላው "ዝም በሉ፣ ፊልም ነው!" ሲላቸው፣ "ፊልምም ቢሆን ይፈሳል!" ይላሉ።

ታዲያ ያ ለቅሶ መጣ። አዳራሹ ለሁለት ተከፈለ። ከኋላ ያለው ወጣት በሳቅ ይንከባለላል። ፊት ያሉት እናቶች ደግሞ፣ ለቅሶ ያዩ እናቶች ዝም ብለው ይቀመጣሉ እንዴ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው አብረው ማልቀስ ጀመሩ! እና ወደ ኋላ ዞረው "እናንተ ባለጌዎች፣ ለቅሶ ቤት ይሳቃል?" ይላሉ፣ ወጣቱ ይህን ሲሰማ ይብስበታል። አንዷማ ተነሥታ አጠገቧ ላለችው "እግዜር ያጥናሽ" ስትል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ማንን ነው የሚያጠናው? ሰውዬው ተከፍሎት ነው የሞተው፣ በር ላይ ቆሞ ትኬት ሲቀበል አይታዋለች!

እኔ ግን አስካለን ነው የማየው። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋለች። አልሳቀችም። አላለቀሰችም። ትከሻዋ ግን ይንቀጠቀጣል። "አለቀ" አልኩ በልቤ። መስቀልም አለቀ፣ እህትም አለቀች። ንጋቱን ሁለተኛ ቀበርኩት አልኩ።

ፊልሙ ሲያልቅ መብራት በራ፣ ሐና ማይክ ይዛ ወጣች፣ "አስተያየት ስጡኝ፣ ስድብም ቢሆን" አለች። መጀመሪያ የተነሡት ከጎጃም የመጡት የታሪክ መምህር ናቸው። "እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። ሁለቱ ሌቦች መኪና ሰርቀዋል። በመጨረሻ ሲጨበጨብላቸው እንጂ ሲታሰሩ አላየሁም። ይህ ለወጣቱ ምን ያስተምራል?" ሲሉ፣ ከኋላ አንዱ "መምህር፣ ፈተና ላይ ይመጣል እንዴ?" አላቸው። እሳቸውም ሳቁ፣ ግን ጥያቄያቸውን አልተዉም፣ "ቢሆንስ?" አሉት።

ቀጥሎ ወይዘሮ ዘይነባ፣ በርበሬ ነጋዴዋ፣ ታውቋቸዋላችሁ። "አሰላሙ አለይኩም። ሐናዬ፣ ልጄ ነሽ፣ እወድሻለሁ። ግን በርበሬያችንን አሰደብሽው! ነገ የአዲስ አበባ ደንበኛዬ መጥቶ፣ ይሄ በርበሬ ሬሳ የተኛበት ነው ወይ ቢለኝ ምን ልመልስለት?"

"እማማ ዘይነባ፣ ፊልም እኮ ነው፣ ውሸት ነው" አለች ሐና።

"ውሸት ከሆነማ ጎመን ብትጭኚበት ምን ነበረበት!"

አንድ የዕድር ዳኛ ተነሡና በቁጣ "በሙት አይቀለድም፣ እኛ እንዲህ አልተማርንም" አሉ፣ ብዙ ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። ወዲያው ከእናቶቹ መሃል አንዷ፣ ዓይኗ ገና እንደቀላ፣ "ማን በሙት ቀለደ? ሟቹ እንደ ጨዋ ተኝቷል። የተቀለደው በቆምነው ነው፣ እሱ ነው ያናደደዎት" አለቻቸው። ጭብጨባ ሆነ፣ ፉጨት ሆነ፣ ዳኛው ተቀመጡ። እኔ ግን በሩን ነው የማየው፣ አስካለን ይዤ ልውጣ እያልኩ። ታዲያ ሐና ምን ብትል ጥሩ ነው? "እትዬ አስካለ ከቡኢ ድረስ መጥተዋል፣ እርስዎስ ምን አሉ?"

"ደክሟታል" አልኩ ቶሎ ብዬ።

"አልደከመኝም" ብላ ተነሣች። ማይኩን ያዘች፣ አዳራሹን ዞር ብላ አየች።

"ልጄ፣ ጥሩ ነው የሠራሽው። አንድ ነገር ግን ተሳስተሻል።" ማይኩን ወደ አፏ አስጠጋች። "ለቀስተኞቹ መጀመሪያ አስነጠሱ፣ ከዚያ ዓይናቸው ቀላ። እንደዚያ አይደለም። ሬሳ ሲያቅፉ መጀመሪያ የሚቃጠለው ዓይን ነው። ማስነጠሱ ኋላ ነው የሚመጣው። እኔ አውቀዋለሁ።"

ተቀመጠች። አዳራሹ ፈነዳ፣ ቀልድ ነው የመሰለው፣ ወይዘሮ ዘይነባ ሳይቀሩ አጨበጨቡ። እኔ ግን ከዘራዬን ይዤ ተነሣሁ።

መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ አላስቻለኝም።

"መቼ ነው ያወቅሽው?" አልኳት።

"የዚያኑ ዕለት።"

"የዚያኑ ዕለት?!"

"ሰሌኑን ወንዝ ወርጄ ያጠብኩት እኔ አይደለሁ? ውኃው ቀላ እኮ! ስንት ቀን ሳስነጥስ እንደሰነበትኩ እናቴን ብትጠይቃት ትነግርህ ነበር። እሷም ታውቅ ነበር። አባቴ ብቻ ነው ሳያውቅ የሞተው፣ እሱም ደግ ሆነ።"

"ታዲያ በየመስቀሉ ያንን ሁሉ የምታወሪው?"

"አንተን ለማየት ነዋ! ዘንድሮ ይስቃል፣ ዘንድሮ 'በርበሬው ነው' ይላል እያልኩ። ንጋቱ 'ወልዴ የሚባል ጓደኛ አለኝ፣ እሱን ማሳቅ አይቻልም' ብሎ መልእክት ልኮልን ነበር። እኔ እችላለሁ ብዬ ውርርድ ያዝኩ። አንተ ክትፎህን ትጎርሳለህ!"

"ዛሬስ ትከሻሽ የተንቀጠቀጠው?"

"ሳቄን ይዤ ነዋ! እነዚያ ሴቶች 'ለቅሶ ቤት ይሳቃል?' እያሉ እየተቆጡ እኔ ብስቅ ይደበድቡኝ አልነበር?"

እና ሳቅኩ። እኔ፣ ወልዴ፣ መናኸሪያው መሃል ከዘራዬን ተደግፌ ሳቅኩ፣ ረዳቶቹ "ጋሼ ምን ሆኑ?" ብለው ዞረው እስኪያዩኝ ድረስ። አስካለም ሳቀች፣ ያንን ሁሉ ዓመት የያዘችውን አወጣችው። የእሷ ሳቅ የንጋቱን ይመስላል፣ ልብ ብዬው አላውቅም ነበር።

ታዲያ መኪናው ሊነሣ ሲል ክንዴን ያዝ አደረገችኝ።

"ግን ወልዴ፣ ያ ከሬሳው ርቆ የቆመው ሰውዬ፣ ዓይኑ የደረቀው፣ እሱን ሳይ አንተ ትዝ አልከኝ።"

"እኔ ምን አደረግኩ?"

"በአርባው ቀን መጣህ። ታጥበህ፣ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሰህ። ቤት አልገባህም። ከጓሮ፣ እንሰቱ ውስጥ ብቻህን ቆመህ፣ ዓይንህ ግን ቀልቶ አየሁህ። ማንም ያየህ አልመሰለህም። ሬሳ የለም፣ ሰሌን የለም፣ ኬሻ የለም። ያ የምን በርበሬ ነበር?"

— እርስዎስ ምን አሏት?

ምን እላታለሁ። "በርበሬ ከሰው ላይ ቶሎ አይለቅም" አልኳት።

"እንዲያ ነው?" አለች።

"እንዲያ ነው" አልኳት።

"እሺ። ለመስቀል እንዳትቀር" ብላ ገባች፣ መኪናው ሄደ።

ይኸው ነው። ፊልሙን ወደድከው ወይ ላላችሁኝ፣ ጥሩ ፊልም ነው። ኬሻው ግን አፉ ተገልብጧል፣ ለሐና ነግሬያታለሁ። ሌቦቹም ትንሽ ቢታሰሩ አይከፋም ነበር፣ መምህሩ ልክ ናቸው። በቃ፣ ጨረስኩ።

ምን ታየኛለህ አንተ? ዓይኔን ነው? ወፍጮ ቤት እኮ ነው የተቀመጥነው! በርበሬ ሲፈጭ የሚውል ቤት ነው፣ ብናኙ ነው፣ ሌላ ምን ይሆናል...

— ጋሽ ወልዴ፣ ወፍጮው እኮ ዛሬ ዝግ ነው። እሁድ ነው ብለውናል።

ሃ! ያንን ስልክ አጥፋው።